አረንጓዴው ገሳ

ዓምደሚካኤል ቅጣው በዚያ ነሐሴ ቀና ብሎ የሄደው አንድ ቀን ብቻ ነው። እሱም ቅዳሜ ነበር፤ ከረፋዱ እስከ ቀትር።

ዘመኑ ፲፱፻፴ ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ከዘመሮ ገበያ በላይ ያለውን ጉብታ ምሽግ አድርጎ ከተቀመጠ ሁለተኛ ክረምቱ። የገበያው ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ዓምደሚካኤል የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ነው። አባቱ የሸመኑትን የሱፍ ባና ሊሸጥ ከጓደኛው ከአበጀ ጋር ቆሟል።

"እይማ፣ እይማ!" አለ አበጀ በክርኑ ጎሸም አድርጎት። "የወሰኔ ልጅ መጣች። ከኩሬ የወጣች እንቁራሪት አትመስልም?"

አየ። አመተሥላሴ ናት። አዲስ ገሳ ለብሳለች። ከጓሳ ሣር ተጎንጉኖ ከራስ እስከ ባት የሚወርደው የዝናብ ልብስ በሌላው ሰው ሁሉ ላይ እንደ ገለባ ቢጫ ነው። በእሷ ላይ ግን አረንጓዴ ነበር። ዓምደሚካኤል ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጣቱን ያቆሰለበት ጉንጉን በትከሻዋ ላይ ሲወዛወዝ አየና ልቡ ሞቀ። ለአንድ አፍታ ከመንዝ ሁሉ እሱን የሚያህል ባለሙያ ያለ አልመሰለውም።

"ቆይ" አለ አበጀ። ሣቁ ጠፍቷል። "ይሄ የዱሮ ሣር አይደለም። የዘንድሮ ነው። ዓምዴ፣ ጓሳው ተነክቷል!"

ዓምደሚካኤል የቆሰሉ ጣቶቹን በባናው ሥር ደበቀ።

ጓሳው እንደ ሌላው ግጦሽ አይደለም። አገሩን ያቀኑት የአስቦና የጌራ ልጆች ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በሕግ የሚጠብቁት ሜዳ ነው። ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይገባል። ሕጉን የሚያስከብረው ሰው አባ ቄራ ይባላል። የዚያ ዘመን አባ ቄራ የዓምደሚካኤል አባት፣ ቅጣው ነበሩ።

ጓሳው ከተዘጋ አራት ዓመት ሆኖታል። በሚያዝያ ጣሊያን "አርበኛ አስጠግታችኋል" ብሎ ሰባ ሦስት ቤት አቃጠለ። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ክረምቱን በዘመድ ደጅና በዋሻ እያሳለፈ መስቀልን ይጠብቃል፤ ከመስቀል በኋላ ጓሳው ተከፍቶ ክዳን ይሆነዋል። እስከዚያ አንዲት ሰበዝ የነካ የለም። አራስ ሴት እንኳ ከዋሻ አፍ ተቀምጣ ሣሩን ከሩቅ ታየዋለች እንጂ እጇን አትዘረጋም።

የምሽጉ ካፒቴን ሣሩን ለበቅሎዎቹ ፈልጎት ነበር። ሽማግሌዎቹ "በግዝት የታሰረ ነው፤ እኛም አንነካው" አሉት። ካፒቴኑም አገር ዳግመኛ እንዳይሸፍትበት ሰግቶ፣ "እናንተ ካልነካችሁት እኔም አልነካውም። እናንተ የነካችሁት ቀን ግን እስከ ሥሩ አሳጭደዋለሁ" አለ። ሰባ ሦስቱ ቤት የተንጠለጠለው በዚህች ቃል ላይ ነው።

ቃሏን ያፈረሰው የአባ ቄራው ልጅ ነበር።

ምክንያቱ ሲነገር ትንሽ ነው። የአመተሥላሴ አባት ወሰኔ ከአንኮበር ጣሊያንን ተከትሎ የመጣ የበቅሎ ነጋዴ፣ ለምሽጉ መኖ አቅራቢ ነው። ስለዚህ ገሳ የሚሠራው ሰው ሁሉ "ለባንዳ ቤት እጄን አላነሣም" አለና ልጅቱ ክረምቱን በነጠላ ተቀበለችው። በሐምሌ መጨረሻ ጓሳውን የመጠበቅ ተራ ለዓምደሚካኤል ደርሶት ሳለ ከምንጩ አገኛት። ነጠላዋ ከጀርባዋ ተጣብቋል።

"በረደሽ?" አላት።

"እኔ ብርድ አልፈራም" አለችው። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል።

በማግስቱ ከምንጩ በላይ ካለችው ጉድባ ገብቶ ስድስት እቅፍ አጨደ። ጎንጉኖ ሲጨርስ አየለች በምትባለው የነወሰኔ ሠራተኛ እጅ ላከላት። በቁራጭ ወረቀት ላይ "ለብርድሽ" ብሎ ጻፈ፤ ሌላ አልጻፈም። ሣሩ ከጭስ በላይ ተሰቅሎ ቢጫ እስኪሆን እንዳትለብሰው አልነገራትም። ለመንዝ ሰው ይህ አይነገርም፤ ወተትን ከአሬራ ለዩ ብሎ የሚያስተምር የለም። አመተሥላሴ ግን ያደገችው አንኮበር ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከገበያው ሁለት ቀን በፊት፣ ሐሙስ፣ የፍልሰታ ቅዳሴ ሲወጣ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ተገጣጥመው ነበር።

"እንደምን ዋልክ፣ ዓምዴ" አለችው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት።

አባቱ ከኋላው ነበሩ። እንደማያውቃት አንገቱን ደፍቶ አለፈ።

አሁን ገበያው መሐል በዓይኗ ፈልጋ አገኘችው። የገሳውን ሁለት ጎን በእጆቿ ይዛ ዘርጋ አደረገችው፤ ሕፃን የዓመት በዓል ልብሱን እንደሚያሳይ። ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ይጠይቃል። ዓምደሚካኤል ባናውን ወደ ላይ አነሣና ማጠፍ ጀመረ። ፊቱ ከባናው ኋላ ተሸሸገ። መታጠፍ የማያስፈልገውን ባና አራት ጊዜ አጠፈው።

ዝቅ ሲያደርገው አባቷ ደርሶ ነበር። ወሰኔ ሣር ያውቃል። የገሳውን ጫፍ በጣቶቹ አሸት አድርጎ አሸተተው። ከዚያ ከልጁ ትከሻ ላይ ገፈፈውና ወደ ምሽጉ ገሰገሰ። እሷ በነጠላዋ ቀረች። ዝናቡ በረታ። ዓምደሚካኤል ደረቁን ባና በክንዱ ይዞ፣ ሃያ እርምጃ ርቆ፣ ቆሞ አያት።

*

ሰኞ አባ ቄራ ቅጣው ተጠርተው ከሄዱበት ምሽግ ተመለሱ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱ የሁለት ወንድ ቤት ነው። ልጃቸው ውሃ አሙቆ እግራቸውን ሊያጥብ ተንበረከከ።

"ካፒቴኑ ምን አለ፣ አባቴ?"

"ከጓሳው ልጆች አንዱ አጭዶት ከሆነ፣ ወይም ያጨደው ካልተገኘ፣ ቃላችን ፈርሷል አለ። ሐሙስ አጫጆች ይገባሉ። ያጨደው ከኛ ውጭ ከሆነ ግን ቃሌ ቃል ነው አለ።" አባ ቄራ ፂማቸውን ጠረጉ። "ነገ አውጫጭኝ ነው። አገር ሁሉ ይወጣል፤ የወሰኔም ቤት ይወጣል።"

"የኛ ሰው ሆኖ ቢገኝስ?"

"ሕጉ ይጠፋሃል? የቤቱ ክዳን ይገፈፋል። ክረምትም ቢሆን ይገፈፋል።" ዝቅ ብለው አዩት። "እጅህ ምን ሆነ?"

"ብርድ ነው።"

"እሱስ ነሐሴ ነው" አሉ፣ ሌላውንም እግራቸውን እየሰጡት።

ሠላሳ ዓመት ሰው ሲመረምሩ የኖሩ ናቸው። ልጃቸውን መመርመር ግን በሐሳባቸው አልመጣም። ዓምደሚካኤልን ከሁሉ ይበልጥ ያቃጠለው ይህ ነው።

አመሻሽ ላይ ውሃ ሊቀዳ ሲወርድ አየለች ከምንጩ ጠበቀችው። የታጠፈ ወረቀት ሰጠችውና፣ "አንተ ልጅ፣ ያቺ ልጅ ጀርባዋ አለንጋ ጠጥቶ ነው የጻፈችው። አንብብና ብላው" ብላ እንስራዋን አዝላ ሄደች።

"ይድረስ ለዓምደሚካኤል። ሐሙስ ስታልፈኝ የባንዳ ልጅ ብለህ ያፈርክብኝ መሰለኝ። እንድታየኝ ብዬ ለበስኩት። ቅዳሜም አላየኸኝም። የሣሩ ቀለም እንደሚናገር አላወቅሁም፤ እኛ አገር ሣር ሣር ነው። አባቴ ማን ሰጠሽ ቢለኝ ከመንገደኛ ገዛሁ አልኩት። ጓሳው ለበቅሎዎቹ እንዲሆንለት ቸኩሏል። ካፒቴኑ ያለውን ሁሉ እቤት ሲያወራ ሰምቻለሁ። ማክሰኞ አንተ ዝም በል። ሌላ አልለምንህም። አመተሥላሴ።"

ሦስት ጊዜ አነበበው። እሷም ዝም ልትል ነው ብሎ ተረዳው። ትንፋሹ ሰፋ አለለት። ወዲያው ደግሞ በሰፋው ትንፋሹ አፈረ፤ ማፈሩ ግን ትንፋሹን አላጠበበውም።

*

ማክሰኞ ማለዳ አገሩ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው መስክ ወጣ። በአውጫጭኝ ጥፋተኛው እስኪገኝ ከመስኩ የሚነሣ የለም። በነገሩ የጠረጠረ ሰው ለሽማግሌዎቹ በሹክሹክታ ይናገራል፤ ማን ነገረህ ሲሉት "ወፍ ነገረችኝ" ይላል። የምሽጉ አስተርጓሚ ጃንጥላ ዘርግቶ ከሣጥን ላይ ተቀምጧል። ገሳው ከፊቱ ተጥሏል።

እስከ ስድስት ሰዓት ወፍ አልመጣችም።

"ክንፏ ረጥቦ ይሆናል" አሉ አንዲት ባልቴት። "ደግሞ ፍልሰታ ነው። እሷም ጾማ ነው እንዴ?"

ሰው ሣቀ። ከዓምደሚካኤል ጎን የተቀመጠው ወልደ ጻድቅ ግን አልሣቀም። ቤቱ በሚያዝያ ተቃጥሏል። የሁለት ዓመት ልጁን በአሮጌ አጎዛ ጠቅልሎ ታቅፏል፤ ልጁ ያስላል።

"ዋሻ ውስጥ ሳል ያዘው" አለ ለዓምደሚካኤል፣ ቀስ ብሎ። "እናቱ አንዲት ጭብጥ ሣር አምጣና ከሥሩ ላንጥፍለት ብትለኝ፣ እምቢ አልኳት። ያጨደውን ሰው ልምታው አልልም። ፊቱን ብቻ ባየሁት።"

እንዲህ ብሎ የዛለ ክንዱን በዓምደሚካኤል ትከሻ ላይ አሳረፈ።

መምሬ መርስዔ ኃዘን መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ። አባ ቄራ ሰውን በስሙ እየጠሩ ያስምላሉ።

"ዓምደሚካኤል ቅጣው!"

እንደ ማንኛውም ሰው ነው የጠሩት። ተነሣ። ቀረበ።

"አይተሃል? ሰምተሃል? አጭደሃል?"

"አላየሁም። አልሰማሁም። አላጨድኩም።"

መስቀሉን ሳመ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። ወደ ቦታው ተመልሶ ሲቀመጥ ወልደ ጻድቅ ክንዱን መልሶ አሳረፈበት።

"እኔ ነኝ" አለ አንድ ድምፅ።

አመተሥላሴ ከሴቶቹ መሐል ቆማለች። 

"እኔ ነኝ ያጨድኩት። ከምንጩ በላይ ካለው ጉድባ።"

"አንቺ?" አለ አበጀ ከኋላ። "ማጭድ በየት በኩል እንደሚያዝ ታውቂያለሽ?"

ሰው ሣቀ። እሷ ወደ ሣቀው ሁሉ ዞረች።

"አላውቅም ነበር። ገሳ ሠሪዎቻችሁን አንድ በአንድ ለመንኩ። ውሻ አስነከሳችሁኝ እንጂ አልሠራችሁልኝም። ብርድ ያላስተማረው ምን አለ? አጨድኩ፤ ጎነጎንኩ፤ ለበስኩ።"

"ውሸቷን ነው!" ወሰኔ ብድግ አለ። "የኔ ልጅ ሣር አጭዳ አታውቅም!"

አስተርጓሚው ጃንጥላውን ዝቅ አደረገ። "ወሰኔ፣ ገሳውን ከልጅህ ጀርባ ገፍፈህ ያመጣኸው አንተው አይደለህም?"

ወሰኔ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ልጁ ቀድማው ገብታለች።

አባ ቄራ ገሳውን ከመሬት አነሡ። አገላበጡት። ወደ አንገቱ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ጉንጉኑ ወደ ግራ ዞሯል። የመንዝ ገሳ ወደ ቀኝ ነው የሚጎነጎን። ግራ እጁን እየመቱ "በቀኝህ" ሲሉት፣ እምቢ ብሎ በግራው የለመደ አንድ ልጅ ያውቃሉ።

ወደ ልጅቷ አላዩም። በሕዝቡ መሐል አልፈው ወደ ልጃቸው አዩ።

ዓምደሚካኤል ዓይናቸውን አየና ተነሣ። ግማሽ ያህል ቆሟል።

"አባቴ..."

"ተቀመጥ።"

ድምፃቸው ከፍ አላለም። የያዘው ሰው የለም። ወልደ ጻድቅ እንኳ ክንዱን አንሥቶለት ነበር። ዓምደሚካኤል ተቀመጠ።

አባ ቄራ ካራቸውን መዘው የገሳውን አንገት ቆረጡና በጉያቸው ከተቱት። የቀረውን ከአስተርጓሚው እግር ሥር ጣሉት።

"ልጅቱ ከአስቦም ከጌራም አይደለችም" አሉ። "የጓሳው ልጅ ጓሳውን አልነካም። ለካፒቴኑ እንዲህ ብለህ ንገርልኝ።"

በሠላሳ ዓመት ያ የመጀመሪያ ውሸታቸው ነው። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም።

እልልታው መስኩን አናወጠው። ወልደ ጻድቅ ልጁን እንደታቀፈ ዓምደሚካኤልን አንገቱን አቅፎ አለቀሰ። "ክዳን አገኘን! ክዳን አገኘን፣ ወንድሜ!" ይለዋል። ዓምደሚካኤል በወልደ ጻድቅ ትከሻ ላይ አሻግሮ አመተሥላሴን አያት። በእልልታው መሐል ብቻዋን ቆማ እሱን ታያለች። አሁንም ዓይኑን ሰበረ። ሦስተኛው ነው።

*

ካፒቴኑ ቃሉን ጠበቀ። ወሰኔን ከሥራው አባርሮ እስከ ሐሙስ ከነቤተሰቡ ወደ ደብረ ብርሃን እንዲሄድ አዘዘ።

ረቡዕ ጠዋት አባ ቄራ ቅጣው መሰላል አቁመው ከቤታቸው ጣራ ወጡ። ክዳኑን በእጃቸው እየገፈፉ ወደ ታች መወርወር ጀመሩ።

"ኧረ አባ ቄራ!" አለ በመንገድ የሚያልፍ ጎረቤት። "በነሐሴ ክዳን ይገፈፋል?"

"ምስጥ ገብቶበታል" አሉ።

ዓምደሚካኤል ከታች ሆኖ የሚወረወረውን ሣር ይሰበስባል። ሲመሽ የጣራው ወራጅ እንጨት ብቻ ቀረ፤ ዝናቡ በምድጃው ላይ ይወርዳል። አባቱ ወረዱ። ከጉያቸው የገሳውን አንገት አውጥተው በመዳፉ ላይ አኖሩለት።

"የሰባ ሦስት ቤት ክዳን በአንዲት ልጅ ትከሻ ላይ ጫንነው" አሉ። "እኔና አንተ።"

"ልናገር፣ አባቴ። ልሂድና ልናገር።"

"ብትናገር ጓሳው ይሄዳል። መናገርማ ትናንት ጠዋት፣ መስቀሉን ሳትስም፣ ለኔ ነበር። አሁን አትናገርም። ዕድሜህን ሙሉ አትናገርም።"

"እርስዎስ?"

"እኔ እሑድ አባ ቄራነቱን አስረክባለሁ። የዋሸ አፍ ሰው አያስምልም።"

ሐሙስ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ በቅጥሩ በር ሲፈስ፣ የወሰኔ በቅሎዎች በመንገዱ ወረዱ። ወሰኔ ከፊት ነው፤ ወደ ማንም አያይም። አመተሥላሴ ከኋላ፣ በነጠላዋ፣ በቅሎ ላይ ናት።

"የሣር ሌባ!" አለ አንዱ። ሴቶቹ ፊታቸውን አዞሩ።

ዓምደሚካኤል ከሕዝቡ መሐል ወጣ። ካንገቱ ሳይሆን ከወገቡ ጎንበስ አለ።

"እንደምን ዋልሽ፣ አመተሥላሴ።"

ያ ሁሉ ሰው ሰማው።

"ዓምዴ፣ አበድክ እንዴ?" አበጀ እጁን ያዘው። "የባንዳ ልጅ፣ የጓሳው ሌባ እኮ ናት!"

"ስሟን ነው የጠራሁት" አለ። እጁን አስለቅቆ የበቅሎዋን ልጓም ያዘ። ከኋላው ሰው ሲተፋ ሰማ። ባለፈው ሐሙስ የፈራው ይህንን ነበር። ይህን ያህል ቀላል መሆኑን ሲያይ፣ ያኔ መፍራቱ ይበልጥ አሳፈረው።

ብዙ መንገድ ሳይነጋገሩ ሄዱ። ከዳገቱ ጫፍ ሲደርሱ አመተሥላሴ ወደ መንደሩ ዞራ አየች። ባዶ ወራጅ የቀረው አንድ ቤት ነው።

"የእናንተ ነው?"

"ምስጥ ገብቶበት ነው።"

የጓሳው ሕግ ቅጣት መሆኑ ገባት። ዓይኗን ጨፈነች።

"ዝም በል ስትዪኝ አንቺም ዝም የምትዪ መስሎኝ ነበር" አለ።

"እንዲመስልህ ብዬ ነው የጻፍኩት።" ነጠላዋን ወደ ፊት ሳበች። "ስትነሣ አየሁህ፣ ዓምዴ። አምላኬ፣ እንዳይናገር ብዬ ጸለይኩ። ከዚያ ስትቀመጥም አየሁህ። ጸሎቴ ደረሰ። ታዲያ ለምን አለቀስኩ?"

 የገሳውን አንገት ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት። በአባቱ ጉያ ሙቀት ደርቆ ገለባ መስሏል። ቢጫ ሆኗል።

"አሁን ማንም አያውቀውም" አለች። ከክንዷ ላይ ጠመጠመችው።

"አመቴ፣ ይቅር..."

"እሱን አትበለኝ።" አቋረጠችው። "በደብዳቤም አትጻፍልኝ። ልጽፍልሽ ካልክ፣ ጓሳው ሲከፈት የማን የማን ቤት እንደተከደነ ጻፍልኝ። ሰባ ሦስቱንም። ለምን እንደሆነ ልወቀው።"

ልጓሙን ከእጁ ወሰደች። በቅሎዋ ቁልቁል ጀመረች። ዞራ ታየው እንደሆነ ሳይጠብቅ፣ በዚህ አንድ ቀን እንኳ ዓይኑን ሳይሰብር፣ ነጠላዋ ከጉሙ እስኪገባ ድረስ አያት።

በጥቅምት ጓሳው ተከፈተ። ዓምደሚካኤል ከቤት ቤት እየዞረ ሰባ ሦስቱን ስም በአንድ ወረቀት ላይ ጻፈ። በመጀመሪያው መስመር ወልደ ጻድቅን አኖረ፤ "ልጁ ሳሉ ተሽሎታል" ብሎ ጨመረበት። ከሁሉ በታች "የኛ ገና ነው" አለ። ከዚያ ወዲያ ሦስት ጣት ያህል ባዶ ወረቀት ተረፈ። ብዕሩን ነክሮ በባዶው ላይ ረጅም ጊዜ ያዘው። እዚያ ላይ የሚጻፈውን እሷ ከልክላዋለች። ባዶውን እንዳለ ተወና ወረቀቱን አጠፈው።